ስለ ጭራ አጥንት ሕመም

(ማንበብና መጻፍ ለተማሩ አዋቂዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ሰው በአደባባይ ስለማያነሣው ሕመም ነው። ጥርሱን ያመመው ሰው ጉንጩን ይዞ «ጥርሴን» ይላል። ወገቡን ያመመው «ወገቤ ተቆረጠ» ብሎ ለጎረቤቱ ይነግራል። መቀመጫውን ያመመው ግን ዝም ይላል። ለቅሶ ቤት ሲሄድ በአንድ ጎኑ ይቀመጣል። ማኅበር ላይ እየተቁነጠነጠ ይውላል። «ምን ሆንክ?» ሲሉት «ምንም» ይላል። ያፍራላ! ሴት ስትሆን ደግሞ እፍረቱ እጥፍ ይሆናል።

እኔ በዕድሜ ልጃችሁ ነኝ። ልጅ በትልልቆች ፊት እንዲህ ያለ ነገር ሲያወራ ነውር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አጥንት አጥንት ነው። የክንድ አጥንት የተከበረ፣ የመቀመጫ አጥንት የተናቀ አይደለም። አባቶቻችንም «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለዋል። ስለዚህ ዛሬ ሳንሸሽግ እንነጋገር።

ነገሩን ያነሣሁበት ምክንያት አለኝ። በየመንደሩ ወጣቶች ጉልበት ለማበርታት ስፖርት ይሠራሉ። ድንጋይ ያነሣሉ። በቆርቆሮ ጣሳ ሲሚንቶ ሞልተው፣ በቧንቧ ብረት አያይዘው ያነሣሉ። መሬት ላይ ተንጋለው ይነሣሉ፣ ይተኛሉ። ይህ መልካም ነው። ግን አንዳንዱ ከሳምንት በኋላ መቀመጥ ያቅተዋል። «ስፖርት ጎዳኝ» ብሎ ይተወዋል። ሌላው ሕመሙን በጉልበቱ ሊያሸንፍ ይሞክርና ይብስበታል። ሁለቱም የጎደላቸው አንድ ነገር ነው፤ እሱም ሕመሙ ከየት እንደመጣ ማወቅ ነው።

ጭራ አጥንት ምንድን ነው?

እስቲ እጃችሁን ከማጅራታችሁ ጀምራችሁ ወደ ታች አውርዱ። በጀርባችን መካከል የሚወርደው አጥንት አከርካሪ ይባላል። አከርካሪ አንድ ወጥ እንጨት አይደለም። እንደ መቁጠሪያ በአንጓ በአንጓ የተያያዘ ነው። ሰው ሲወለድ 33 ያህል አንጓዎች አሉት። አቆጣጠሩ እንዲህ ነው፤

በአንገት 7፣
በደረት ጀርባ 12፣
በወገብ 5፣
ከወገብ በታች 5፣
በመጨረሻው ጫፍ 4።

ደምሩት፤ 33 ይመጣል። ከወገብ በታች ያሉት 5 አንጓዎች ሰው ሲያድግ ተጋጥመው አንድ ሰፊ አጥንት ይሆናሉ። ከዚያ በታች ያሉት ትንንሾቹ አንጓዎች ናቸው ጭራ አጥንት የሚባሉት። በብዙ ሰው 4 ናቸው። 3 ወይም 5 የሆነላቸውም አሉ።

ጭራ አጥንት ትንሽ ናት። ከላይ ሰፋ፣ ከታች ሾጠጥ ትላለች። ጫፏ ወደ ፊት የጎበጠ ነው። የጥንት ግሪኮች ይህን ጉብጠት አይተው የወፍ ምንቃር መሰላቸው። ስለዚህ በቋንቋቸው ኩኩ በምትባለው ወፍ ስም ጠሯት። ሐኪሞች እስከ ዛሬ «ኮክሲክስ» የሚሏት ከዚያ የመጣ ነው። የሕመሙን የሕክምና ስም ያወጣው ደግሞ ጄምስ ያንግ ሲምፕሰን የሚባል የስኮትላንድ አዋላጅ ሐኪም ነው። ዘመኑ በፈረንጆች አቆጣጠር 1859 ነበር። አያችሁ፣ አዲስ በሽታ አይደለም። በሌላውም አገር ሰው ሲታመምበት የኖረ ነው።

«ታዲያ ይቺ ትንሽ አጥንት ምን ትሠራለች?» ትሉ ይሆናል። ሥራ አላት። በዙሪያዋ ጅማቶችና ጡንቻዎች ተያይዘውባታል። እነዚህ ጡንቻዎች የሆድ ዕቃችንን ከታች ደግፈው ይይዛሉ። ሽንትና ሰገራ እንድንቆጣጠር ይረዱናል። ከትልቁ የመቀመጫ ጡንቻም ጥቂቱ በእሷ ላይ ተያይዟል። ስለዚህ አጥንቷ ስትታመም ጡንቻዎቹ ይኮማተራሉ። ጡንቻዎቹ ሲኮማተሩ ደግሞ አጥንቷን ይጎትታሉ። ሕመም ሕመምን ይወልዳል።

ሦስቱ ጉልቻዎች

ሰው ሲቀመጥ ክብደቱ በምን ላይ ያርፋል? ይህን ለመረዳት ምድጃችንን እንይ። ድስት በሦስት ጉልቻ ላይ ይቀመጣል። የእኛም አቀማመጥ እንደዚያው ነው። በቀኝና በግራ ሁለት ጠንካራ የመቀመጫ አጥንቶች አሉ። ደረቅ ድንጋይ ላይ ስትቀመጡ የሚቆረቁሯችሁ እነሱ ናቸው። ሦስተኛዋ ጉልቻ ከኋላ ያለችው ጭራ አጥንት ናት።

ሁለቱ ትልልቆቹ ጉልቻዎች ክብደት ለመሸከም የተሠሩ ናቸው። ሦስተኛዋ ግን ደካማ ናት። ቀጥ ብለን፣ ወይም ወደ ፊት ዘንበል ብለን ስንቀመጥ ክብደታችን በሁለቱ ላይ ይውላል። ወደ ኋላ ጋደል ስንል ግን ድስቱ ወደ ሦስተኛዋ ጉልቻ ያጋድላል። ያቺ ትንሽ አጥንት ሸክሙን ትችላለች? ለጥቂት ጊዜ ትችላለች። ሲበዛባት ግን ትቆጣለች።

ይህችን የጉልቻ ምሳሌ በልባችሁ ያዙልኝ። ከዚህ በኋላ የምናገረው ሁሉ ከእሷ የሚነሣ ነው።

ስፖርት ሲሠራ ለምን ያማል?

ምክንያቶቹ ብዙ ጊዜ ሦስት ናቸው።

አንደኛው መፈተግ ነው። ወጣቶች «ሲት አፕ» ወይም «የሆድ ስፖርት» የሚሉት አለ። በጀርባ ተንጋሎ፣ ጉልበት አጥፎ፣ መነሣትና መተኛት ነው። ሰውዬው ሲነሣ ሰውነቱ በመቀመጫው ላይ ይንከባለላል። ሲተኛም እንደገና ይንከባለላል። ጭራ አጥንት በመንገዱ ላይ ናት። 50 ጊዜ ተነሥቶ 50 ጊዜ ቢተኛ፣ በእሷ ላይ 100 ጊዜ ተመላለሰ ማለት ነው። ከታች ደረቅ መሬት፣ ከላይ አጥንት፤ ቆዳና ሥጋ በመካከል ነው። በሙቀጫና በዘነዘና መካከል እንደገባ እህል ይወቀጣል። ሥጋው የሳሳ ሰው ሲሆን ይብሳል፤ አጥንቱን የሚሸፍንለት የለምና።

ሁለተኛው መወጠር ነው። «ቁጭ ብድግ» የሚባለውን ስፖርት ታውቃላችሁ። ሰው በጣም ዝቅ ብሎ ሲቀመጥ ወገቡ ይጎብጣል፣ መቀመጫው ወደ ውስጥ ይታጠፋል። በዚያ ላይ ከባድ ነገር ተሸክሞ ከሆነ በጭራ አጥንት ዙሪያ ያሉት ጅማቶች ይወጠራሉ። ከባድ ነገር ሲያነሣም ትንፋሹን አፍኖ የሚያምጥ አለ። ያን ጊዜ የሆዱ ግፊት ወደ ታች ይወርዳል። ከታች ያሉት ጡንቻዎችም ተጨምድደው ይቀራሉ።

ሦስተኛው የቆየ ጉዳት ነው። ብዙ ጊዜ ስፖርቱ ሕመሙን አልፈጠረውም፤ የተኛውን ቀሰቀሰው እንጂ። ሰውዬው ባለፈው ክረምት ጭቃ አንሸራቶት በመቀመጫው ወድቆ ይሆናል። በቅሎ ጥላው ይሆናል። ያን ጊዜ «ወንድ ልጅ ወድቆ ይነሣል» ብሎ ተወው። አጥንቷ ግን አልተወችውም። ስትወድቁ አንጓዋ ልትሰነጠቅ ወይም ከቦታዋ ልትንሸራተት ትችላለች። ኋላ ስፖርት ሲጀምር አገረሸበት።

ይህ ደግሞ የስፖርተኛ ብቻ አይደለም። ቀኑን ሙሉ በደረቅ ድንጋይ ወይም በመደብ ላይ ወደ ኋላ ተደግፎ የሚውል ሰው ያው ነው። በጠንካራ ኮርቻ ረጅም መንገድ የሚሄድም እንዲሁ። ገበሬ ደግሞ ጉልበት ለማበርታት ሲሚንቶ ማንሣት አያስፈልገውም፤ ኩንታሉ አለለት። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። አንድ ሰው ብቻውን አንሥቶ አህያ ላይ ሲጭን ስንት ጊዜ አይተናል! ጎንበስ ብሎ፣ ትንፋሹን አፍኖ፣ ወገቡን አጉብጦ ያነሣዋል። ይህም እኮ ብረት ማንሣት ነው። ልዩነቱ የሚያስተምረው ሰው አለመኖሩ ነው።

እናቶችና ጭራ አጥንት

አሁን ወንዶች በደንብ ስሙኝ።

ይህ ሕመም በሴቶች ላይ ከወንዶች 5 እጥፍ ያህል ይበዛል። ምክንያቱ ይታወቃል። የሴት ዳሌ ለወሊድ እንዲመች ሰፋ ብሎ የተሠራ ነው። ስለዚህ ጭራ አጥንቷ ወደ ኋላ ወጣ ትላለች፣ በቀላሉም ትጎዳለች። በእርግዝና ወራት የዳሌ ጅማቶች ይላላሉ። በወሊድ ጊዜ ደግሞ የሕፃኑ ራስ ሲወጣ ጭራ አጥንቷን ወደ ኋላ ይገፋታል። ምጡ ከጠናና ሕፃኑ ትልቅ ከሆነ አጥንቷ ልትጎዳ ትችላለች።

ታዲያ እናቲቱ ከአራስነት ስትነሣ ምን ይጠብቃታል? እንስራ ይጠብቃታል። እንጨት ይጠብቃታል። ቁጭ ብላ ማጥባት፣ ቁጭ ብላ መጋገር ይጠብቃታል። መቀመጫዋን እያመማት ትቀመጣለች፤ ወገቧን እያመማት ትሸከማለች። ለባሏ አትናገርም፤ ታፍራለች። ለሐኪም አትናገርም፤ ሐኪሙ ወንድ ሊሆን ይችላል። በዚህ ሁኔታ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ያልፋሉ።

ይህ ዕጣ ፈንታ አይደለም። ለመዳን የሚችል ሕመም ነው። ባል በእነዚያ ሳምንታት ውኃውን ቢቀዳ፣ እንጨቱን ቢያመጣ ከክብሩ የሚቀንስበት የለም። አማት ምራቷን «መቀመጥ ያምምሻል ወይ?» ብላ ብትጠይቅ ግማሹ መድኃኒት እሱ ነው። እናት ካልተጠየቀች አትናገርምና።

ሕመሙን እንዴት እንለየዋለን?

የመቀመጫ አካባቢ ሕመም ሁሉ የጭራ አጥንት ሕመም አይደለም። እንዲህ እንለየው።

ሕመሙ በሁለቱ መቀመጫዎች መካከል፣ ከላይ በኩል፣ በአንዲት ቦታ ላይ ከሆነ፤ በጣት ሲጫኑት «እዚህ ጋ ነው» የሚያሰኝ ከሆነ፤ ሲቀመጡ የሚብስ፣ በተለይም ከተቀመጡበት ሲነሡ የሚወጋ ከሆነ፤ ቆመው ሲሄዱ የሚያሻል ከሆነ የጭራ አጥንት ሕመም መሆኑ አይቀርም። ሰገራ ሲወጡም ሊያም ይችላል።

በሁለቱም መቀመጫዎችና ጭኖች ላይ የዛለ፣ የተወጠረ ስሜት ከሆነ፣ ያውም አዲስ ስፖርት በጀመሩ በማግስቱ የመጣ ከሆነ፣ የጡንቻ ድካም ነው። በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ይበረታል፤ ከዚያ በራሱ ይለቃል። አያስፈራም።

ከወገብ ተነሥቶ በአንድ እግር ወደ ታች የሚወርድ፣ እንደ እሳት የሚያቃጥል ወይም የሚያደነዝዝ ከሆነ ከወገብ የሚነሣ የነርቭ ሕመም ሊሆን ይችላል። እሱ ሌላ ነው፤ ሐኪም ይየው።

ምን እናድርግ?

መልካሙ ዜና ይህ ነው፤ አብዛኛው የጭራ አጥንት ሕመም ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናል። ጊዜ ግን ይወስዳል። ለአንዳንዱ ሳምንታት፣ ለአንዳንዱ ወራት። ትዕግሥት ያስፈልጋል።

1. የሚያመውን ስፖርት አቁሙ፤ መንቀሳቀስን ግን አታቁሙ። መተኛት አያድንም። መራመድ ይጠቅማል። ሲት አፕ የሚያማችሁ ከሆነ ሲት አፕን ብቻ ተዉ።

2. አቀማመጣችሁን አስተካክሉ። ወደ ኋላ አትጋደሉ። ወደ ፊት ዘንበል በሉ፤ ድስቱ ከሦስተኛዋ ጉልቻ ይነሣል። ረጅም ሰዓት አትቀመጡ። በየጥቂቱ ተነሡ፣ ወዲያ ወዲህ በሉ። ከተቀመጣችሁበት ስትነሡም መጀመሪያ ወደ ፊት ጎንበስ በሉ፣ ከዚያ ተነሡ።

3. መቀመጫ ሥሩ። ፊደል ስንቆጥር የመጀመሪያዋ «ሀ» ነበረች። ቅርጿን አስታውሱ፤ ሁለት ክንድ አላት፣ በአንድ በኩል ክፍት ናት። ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ እንደ «ሀ» አጥፉት። ክፍቱን ወደ ኋላ አድርጋችሁ ተቀመጡበት። ሁለቱ ክንዶች ሁለቱን ጠንካራ አጥንቶች ይሸከማሉ። ጭራ አጥንት በክፍቱ ላይ ሳትነካ ትንሳፈፋለች። ከተማ ውስጥ ለዚህ ተብሎ የተሠራ ትራስ ይሸጣል። የእናንተው ጋቢ ግን ያንኑ ሥራ ይሠራል።

4. በወደቃችሁ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ያዙበት። ከዚያ በኋላ ለብ ያለ ውኃ ይሻላል። ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውኃ አድርጋችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ተቀመጡበት። የተኮማተሩትን ጡንቻዎች ያላላል። ውኃው እንዳያቃጥል በክርናችሁ ሞክሩት።

5. ስትተኙ በጎን ተኙ። በሁለቱ ጉልበቶቻችሁ መካከል የታጠፈ ጨርቅ አድርጉ።

6. ሆዳችሁ እንዳይደርቅ ተጠንቀቁ። ሰገራ ሲደርቅ ማማጥ ይመጣል፤ ማማጥ ደግሞ ሕመሙን ያብሳል። ውኃ ጠጡ። ጎመን፣ ባቄላ፣ ሽምብራ ብሉ።

7. የሕመም ማስታገሻ ይረዳል። ፓራሲታሞል የሚወስድ ጤነኛ አዋቂ ባለ 500 ሚሊ ግራሙን ፍሬ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ማሳለፍ የለበትም፤ ጉበትን ይጎዳል። የጉበት ሕመም ያለበት ወይም መጠጥ የሚያበዛ አስቀድሞ ሐኪም ይጠይቅ። አይቡፕሮፌን የሚባለው እብጠትንም ይቀንሳል። ነገር ግን ጨጓራ ወይም ኩላሊት ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርም ብትሆን፣ ሐኪም ሳያማክሩ አይውሰዱት። ለጎረቤት የተሰጠ መድኃኒት ለእናንተ የተሰጠ አይደለም። 

ማድረግ የሌለብን

ወጌሻን እናከብራለን። ስንት የወለቀ ትከሻ፣ ስንት የዞረ ቁርጭምጭሚት አቃንተዋል። ጭራ አጥንት ግን እንደ ቁርጭምጭሚት ጎትተው የሚመልሷት አይደለችም። በኃይል ሲያሿት፣ ሲጫኗት ይበልጥ ትቆጣለች። የተሰነጠቀች ከሆነማ ጉዳቱ ይከፋል። አንዳንድ ሐኪሞች በተለየ መንገድ ያንቀሳቅሷታል። እሱ ግን መርምሮ፣ ንጽሕና ጠብቆ፣ የተማረ ሰው የሚሠራው ነው።

በጋለ ብረት መተኮስም አለ። መተኮስ ከውስጥ ያለውን አጥንት አይደርስበትም። የሚያተርፈው ቁስል ነው። ያ ቦታ ደግሞ ላብና እርጥበት የማይለየው፣ ለሰገራም የቀረበ ነው። ቁስሉ ቶሎ ያመረቅዛል። አንድ ሕመም የነበረው ሰው ሁለት ይዞ ይመለሳል።

ሦስተኛው ስሕተት «በላዩ ላይ ልሥራበትና ይልመድ» ማለት ነው። ጡንቻ በሥራ ይለምዳል። የተቆጣ አጥንትና ጅማት ግን በዱላ አይለምድም። ጫንቃው የቆሰለ በሬ ላይ ቀንበር ብትጭኑ ቁስሉ ይድናል እንዴ? አርሶ የሚያውቅ ሰው ይህን ከእኔ የበለጠ ያውቃል።

ወደ ስፖርቱ መመለስ

ሕመሙ ሲቀንስ ወጣቱ ስፖርቱን ይቀጥል። ጠንካራ ጡንቻ አከርካሪን ይደግፋል። ጉዳዩ እንዴት ይሥራ ነው።

መሬት የማያስነኩትን አስቀድሙ። በእጅ ተደግፎ መውረድና መውጣት፣ ማለት ፑሽ አፕ፣ ጭራ አጥንትን አይነካም። ሆድን ለማጠንከርም ሌላ መንገድ አለ፤ «ፕላንክ» ይሉታል። በደረት በኩል ተኙ። በክርናችሁና በእግር ጣቶቻችሁ ተደግፋችሁ ሰውነታችሁን እንደ ሳንቃ ቀጥ አድርጉ። መጀመሪያ 10 ሰኮንድ ቆዩ፣ ከዚያ 20፣ ከዚያ 30። ትንፋሻችሁን አታፍኑ። ይህ የሰነፍ መንገድ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል እንኳ ወታደሮቹን ሲፈትንበት የነበረውን ተንጋሎ መነሣት በ2021 (በፈረንጆች) አስቀርቶ በፕላንክ ተክቶታል።

ሌላም አለ። በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ ቀኝ እጅንና ግራ እግርን አንድ ላይ ማንሣት፣ ከዚያ መለወጥ። ይህም ወገብን ያጠነክራል።

ቁጭ ብድግ የሚሠራ ሰው እስከ ታች አይውረድ። ግማሽ ይበቃዋል። ወገቡ መጉበጥ ሲጀምር እዚያ ላይ ይመለስ። ሲት አፕ ካልሠራሁ የሚል፣ ሕመሙ ፈጽሞ ከለቀቀው በኋላ፣ ጋቢውን ወይም አጎዛውን አጥፎ ከሥሩ ያንጥፍ። በደረቅ መሬት ላይ አይሥራ።

ከባድ ነገር ስታነሡ፣ ድንጋይም ይሁን ኩንታል፣ ሕጉ አንድ ነው። ወደ ሸክሙ ቅረቡ። እግራችሁን ከፈት አድርጉ። ጉልበታችሁን እጠፉ እንጂ ወገባችሁን አታጉብጡ። ሸክሙን ከደረታችሁ አስጠጉ። ስታነሡ ትንፋሽ አውጡ። ከሁሉም የሚሻለው ደግሞ ኩንታሉን ለሁለት ማንሣት ነው። 100 ኪሎ ለሁለት ሲካፈል 50 ነው። ሒሳብ የተማርነው ለዚህም ይጠቅማል።

ምን ያህል እንጨምር? መለኪያው በማግሥቱ ጧት ነው። ዛሬ ሠርታችሁ ነገ ጧት ሕመሙ ካልባሰ ጥቂት ጨምሩ። ከባሰ ቀንሱ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ቶሎ ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ምልክቶች

የሚከተሉትን ያየ ሰው «ይለቀኛል» ብሎ አይጠብቅ።

ሽንቱን ወይም ሰገራውን መቆጣጠር ያቃተው፣ ሽንት የከለከለው፣ በብልቱና በመቀመጫው አካባቢ የደነዘዘ፣ እግሮቹ የከዱት ሰው በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂድ። የአከርካሪ ነርቮች እየታነቁ ሊሆን ይችላል። ጥቂት ሰዓታት መዘግየት የዕድሜ ልክ ጉዳት ያመጣል።

ከጭራ አጥንቱ አጠገብ እብጠት፣ ሙቀት፣ መግል ካለ ቁስሉ መከፈትና መጽዳት ይኖርበታል። በቤት ውስጥ በምላጭ አትክፈቱት።

ሕመሙ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ የሰውነት መክሳት አብሮት ካለ ይመርመር። የሳንባ ነቀርሳ የሚባለው በሽታ ሳንባ ብቻ አይይዝም፤ አከርካሪንም ይይዛል። በጊዜ ከታወቀ በመድኃኒት ይድናል። ካልታወቀ ግን አከርካሪን ያጎብጣል፣ እግርንም ያሽመደምዳል። አልፎ አልፎም ዕጢ ሊሆን ይችላል።

ከሰገራ ጋር ደም የሚወጣው ሰውም ይታይ። ወድቆ ጨርሶ መቀመጥ ያቃተውም እንዲሁ። ቤት ውስጥ የተናገርነውን ሁሉ አድርጎ በሁለት ወር ያልተሻለውም ይሂድ። ሐኪሙ ራጅ ያነሣ ይሆናል፤ የመርፌ መድኃኒት ሊሰጥም ይችላል። ሁሉም አልሆን ሲል አጥንቷን በቀዶ ሕክምና ማውጣት አለ። እሱ ግን የመጨረሻው መጨረሻ ነው፤ ለጥቂት ሰው ብቻ ነው።

ጤና ጣቢያ ስትሄዱ «ወገቤን ያመኛል» ብላችሁ አትሸፋፍኑ። ያኔ ሐኪሙ ወገባችሁን መርምሮ ይመልሳችኋል፤ ሕመሙ እዚያው ይቀራል። «የመቀመጫዬ ጫፍ፣ ጭራ አጥንቴ» በሉ። መቼ እንደጀመረ፣ ወድቃችሁ እንደሆነ፣ ምን ሲሠሩ እንደሚብስ ንገሩት። መናገር የሚከብዳት እናት በወረቀት ጽፋ ትስጠው። አሁን መጻፍ ታውቃለች። ሴት ሐኪም ወይም ነርስ ካለችም መጠየቅ ትችላለች።

ወገኖቼ፣ ፊደል የቆጠርነው የሌላውን ደብዳቤ ለማንበብ ብቻ አይደለም። የገዛ ሰውነታችንንም ለማንበብ ነው። ሕመም የሰውነት ደብዳቤ ነው፤ ያላነበበው ሰው መልሱን ሊጽፍ አይችልም። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ይህን ንግግር ለቤተ ሰቡ አንብቡላቸው። «እኔንም እኮ ያመኛል» የሚል አንድ ሰው ሳይገኝ አይቀርም። አትሣቁበት። ጋቢውን እንደ «ሀ» አጥፋችሁ አስቀምጡት።



እንወያይበት

1. ጭራ አጥንት ከየትኞቹ አጥንቶች በታች ትገኛለች? አንጓዎቿስ ብዙ ጊዜ ስንት ናቸው?
2. ወደ ኋላ ጋደል ብሎ መቀመጥ ለምን ይጎዳል? በጉልቻ ምሳሌ አስረዱ።
3. አንድ ሰው ሲት አፕ 30 ጊዜ ቢነሣና 30 ጊዜ ቢተኛ በጭራ አጥንቱ ላይ ስንት ጊዜ ተመላለሰ?
4. በቤታችሁ ከወለደች በኋላ መቀመጥ የሚያማት እናት ብትኖር ምን ታደርጉላታላችሁ?
5. በዚያው ቀን ሆስፒታል የሚያስኬዱ ምልክቶች የትኞቹ ናቸው? በደብተራችሁ ጻፏቸው።